ከማገናኘት በፊት መለካት፦ የሊቲየም ባትሪ አያያዝ ለሚኒ ሚዲያ ክበቦች

መግቢያ

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ባትሪ ምን አገባት? ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። እኔም ከባለፈው ክረምት በፊት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቢሰጠኝ ገልብጬው ነበር የማልፈው። ነገር ግን የኛ ሙያ ያለ ባትሪ አይሠራም። መቅረጫው፣ ካሜራው፣ ስልኩ፣ ማይክራፎኑ ሁሉ ውስጡ ባትሪ አለው። በየትምህርት ቤቱ ያለው ሚኒ ሚዲያም መብራት በሄደ ቁጥር ዝም ይላል። ዝም እንዳይል ብለን የተሻለ ነገር ስንፈልግ ደግሞ የማናውቀው ነገር ውስጥ እንገባለን። እኔ ገብቼበታለሁ። ስለዚህ የተማርኩትን ለሌሎች ላካፍል ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

ነገሩ የሆነው በምዕራብ ሸዋ፣ በጅባት ወረዳ፣ በሸነን ከተማ ነው፤ የቤተሰቦቼ ከተማ። ክረምት ላይ በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተማሪዎችን ለማስጠናት ወደዚያው ሄድኩ። ከትምህርቱ ጎን ለጎን ደግሞ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆችን ዜና አጻጻፍና አነባበብ አሳያቸው ጀመር። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ያነባሉ። ችግሩ አንድ ነው፤ የክረምቱ ዝናብና ነጎድጓድ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል፣ አምፕሊፋየሩም አብሮ ይሞታል። አምፕሊፋየሩ በ12 ቮልትም ይሠራል። የድሮው የመኪና ባትሪ ግን አርጅቷል፤ አዲስ መግዣ ደግሞ የለም።

ታዲያ ስልክና ሬዲዮ ከሚጠግኑ አንድ ጎረቤታችን ዘንድ ከተበላሹ ላፕቶፖች የወጡ ድንጋዮች አገኘሁ። ስምንት ነበሩ። "ስድስቱን አያይዤ 12 ቮልት እሠራለሁ" አልኩ። በስልኬ አጭር ቪዲዮ አይቼ ነበር፤ በጣም ቀላል ይመስላል።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ቃል አጠቃቀም አንድ ነገር ልበል። ሰዉ ሱቅ ሲሄድ "ሁለት የባትሪ ድንጋይ ስጠኝ" ነው የሚለው። እኔም በዚህ ጽሑፍ ነጠላውን "ድንጋይ"፣ ድንጋዮቹ ተያይዘው የተሠሩትን ደግሞ "ባትሪ" እላለሁ።

ለመሆኑ የሊቲየም ድንጋይ ምንድን ነው?

ከሱቅ የምንገዛው ተራ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው። ሲያልቅ ይጣላል። የሊቲየም አዮን ድንጋይ ግን ደጋግሞ ይሞላል። ለገበያ የቀረበው በ1991 እ.ኤ.አ. ሶኒ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ሦስት ሳይንቲስቶች፣ ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃም እና አኪራ ዮሺኖ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በቆዩ ላፕቶፖች ውስጥ በብዛት የሚገኘው 18650 የሚባለው ነው። ቁጥሩ መጠኑን ነው የሚናገረው፤ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር። ከተራው ድንጋይ ትንሽ ወፈር፣ ረዘም ይላል። አማካይ ቮልቱ 3.6 ወይም 3.7 ነው። ሙሉ ሲሆን 4.2 ይደርሳል። ከ3 ቮልት በታች እንዲወርድ አይመከርም፤ ከ2.5 በታች ከወረደ ውስጡ መጎዳት ይጀምራል።

እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ። ከላይ 4.2፣ ከታች 3። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል መቆየት ነው። ከ4.2 በላይ ሲሞላ ውስጡ ያለው ኬሚካል መረጋጋቱን ያጣል፣ ይሞቃል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። ሙቀቱ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ድንጋዩ ራሱን በራሱ እያሞቀ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ከሶኬት ብንነቅለውም አይቆምም። አጠገቡ ያለውንም ያሞቀዋል፣ ያም በተራው ይነሳል። አንድ ድንጋይ ብቻውን ሲሆን ጉዳቱ ያንሳል። ስድስት ሆነው ሲታሰሩ ግን የአንዱ ችግር የስድስቱ ይሆናል።

ሁለቱ የአያያዝ ዓይነቶች

ድንጋዮችን በሁለት መንገድ ማያያዝ ይቻላል። አንደኛው ሲሪየስ ይባላል፤ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ይገናኛል። ባትሪ ውስጥ ድንጋዮችን በተርታ እንደምናስገባው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ቮልቱ ይደመራል። ሦስት የሊቲየም ድንጋይ በሲሪየስ ሲያያዝ በአማካይ 11.1 ቮልት፣ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ይሰጣል። ለ12 ቮልት አምፕሊፋየር የሚስማማው ይህ ነው።

ሁለተኛው ፓራለል ነው፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ። ቮልቱ አይጨምርም፣ የሚያገለግልበት ሰዓት ግን ይጨምራል። አንዱ ድንጋይ 2,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢይዝ ሁለቱ 4,400 ይይዛሉ።

እኔ እንዲህ ነው የገባኝ። ሁለት የውኃ በርሜል አስቡ። አንዱን በአንዱ ላይ ብትደራርቡ የውኃው ግፊት ይጨምራል፤ ይህ ሲሪየስ ነው። ጎን ለጎን አቁማችሁ ከታች በቱቦ ብታገናኟቸው ግፊቱ ያው ነው፣ ውኃው ግን ይበዛል፤ ይህ ፓራለል ነው። አሁን አንዱ በርሜል ሙሉ፣ ሌላው ባዶ ሆኖ ቱቦውን ብትከፍቱስ? ውኃው እኩል እስኪሆን ድረስ ከሙሉው ወደ ባዶው በኃይል ይሮጣል። ድንጋዮቹም እንዲሁ ናቸው። ይህን ግን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የእኔ ስህተት

የቆየ ላፕቶፕ ባትሪ በብዛት ስድስት ድንጋይ አለው፤ ሁለት ሁለቱ በፓራለል፣ ሦስቱ ጥንዶች ደግሞ በሲሪየስ። እኔም ያንኑ ለመሥራት ተነሳሁ። ቴስተር አልነበረኝም። ድንጋዮቹ ሁሉ ሰማያዊ ስለሆኑ አንድ ዓይነት ናቸው ብዬ ወሰንኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በአሮጌ የስልክ ቻርጀር ገመድ አያይዤ በናስትሮ ጠቀለልኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ የላስቲክ መቃጠል ሸተተኝ። ገመዱ ለስልሶ ከላዩ ላይ እየቀለጠ ነበር። ልለየው ስል ጣቴን ለበለበኝ። ደግነቱ ገመዱ በቀላሉ ተላቀቀ። ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያየኝ ነበር፤ "ኧረ ጭስ!" ብሎ ሮጠ።

ድንጋዮቹን ይዤ ወደ ጠጋኙ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። ጣቴን አዩና መጀመሪያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

"ለካሽው?"

"አልለካሁም ጋሼ፣ አንድ ዓይነት መስለውኝ ነው።"

"መልኩን አይተሽ ነዋ! በይ ነይ፣ አሁን እንለካው።"

ከላፕቶፖቹ ገና ያልነካኋቸውን ስድስቱን በቴስተር ለኩልኝ። አንዱ 4.1፣ ሌላው 3.1፣ ሌላው 3.6 ያሳያል። አንዱማ 1 ቮልት እንኳ አልነበረውም። አንድ ዓይነት ያልኳቸው እነዚህ ናቸው እንግዲህ።

አብረን ሂሳቡን ሠራነው። 4.1ን እና 3.1ን በፓራለል ብናገናኝ ልዩነቱ 1 ቮልት ነው። የእያንዳንዱ ድንጋይ የውስጥ ሬዚስታንስ 0.05 ኦም ቢሆን የሁለቱ ድምር 0.1 ኦም ይሆናል። አንድን ለ0.1 ስናካፍል 10 አምፔር። እንዲህ ያለ ድንጋይ ግን በሰላም የሚሞላው በ1 አምፔር አካባቢ ነው። የቀጭኑ ገመድ ሬዚስታንስ ስለሚታከልበት የኔው ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ገመዱን ለማቅለጥ በቅቷል።

ከዚያ ጋሼ "በምን ልትሞዪው ነበር?" አሉኝ። የመኪናውን ባትሪ በምንሞላበት ቻርጀር አልኳቸው። 12 ቮልት፣ 12 ቮልት ነው ብዬ። ዝም ብለው ወረቀት አወጡና ጻፉልኝ። የመኪና ባትሪ ቻርጀር እስከ 14.4 ቮልት ይወጣል። ያ ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ድንጋይ 4.8 ይደርሳል። ጣሪያው 4.2 ነው።

ያን ዕለት ያሰብኩት ባትሪውን ማታ ሰክቼ ለመተኛት ነበር። የምሰካውም እኔና ወንድሜ በምንተኛበት ክፍል፣ አልጋው ሥር ነበር፤ ሌላ ሶኬት የለንምና። ገመዱ ከሰዓት በኋላ ባይቀልጥ ኖሮ ሌሊት ምን ሊሆን እንደሚችል እስካሁን አስበዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም እሱ ነው።

ከለንደን የተገኘ ትምህርት

ይህ ነገር የተማሪና የሰፈር ጠጋኝ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ድሪምላይነርን በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ ተረክቧል። በታኅሣሥ 29 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ እኛ ገናን ስናከብር፣ የአንድ ጃፓን አየር መንገድ ተመሳሳይ አውሮፕላን ቦስተን ላይ ቆሞ ሳለ ባትሪው ተቃጠለ። ጥር 8 ደግሞ የሌላ ጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን በባትሪው ምክንያት በድንገት አረፈ። በዓለም ዙሪያ ያሉት 787ቶች በሙሉ ከበረራ ታገዱ። የእነዚህ አውሮፕላኖች ባትሪ ስምንት የሊቲየም አዮን ድንጋዮች በሲሪየስ የተያያዙበት ነው። መፍትሔ ተብሎ የተደረገው በድንጋዮቹ መካከል የተሻለ መከለያ ማስገባት፣ ባትሪውን በብረት ሣጥን ውስጥ ማድረግና ጭሱ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቱቦ ማበጀት ነው። ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በመብረር 787ን መጀመሪያ ወደ መንገደኛ አገልግሎት የመለሰው የኛው አየር መንገድ ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ሐምሌ 5 ቀን "ንግሥተ ሳባ" የተባለችው የአየር መንገዱ 787 ለንደን ሂትሮው ቆማ ሳለ ከጭራዋ አካባቢ በላይኛው የሰውነት ክፍሏ እሳት ተነሳባት። ውስጧ መንገደኛ አልነበረም። ብዙዎች ያው የፊተኛው ባትሪ ነው ብለው ነበር። ምርመራው ግን ሌላ አሳየ። የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች በነሐሴ 2007 ዓ.ም. ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት መሠረት እሳቱ የጀመረው አውሮፕላን አደጋ ሲደርስበት ያለበትን ቦታ በሬዲዮ ከሚጠቁመው ትንሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያው አምስት የሊቲየም ድንጋዮች በሲሪየስ የተያያዙበት ባትሪ አለው፤ እነዚህ የማይሞሉ ዓይነት ናቸው።

ምክንያቱስ? የባትሪው ሽቦዎች ተጣምረው በክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ነበር። ከጊዜ በኋላ ይህ ለሾርት መንገድ ከፈተ። ከዚህ ጋር አንዱ ድንጋይ ከሌሎቹ ቀድሞ ማለቁ ሳይጨመርበት አልቀረም። ያ አንድ ድንጋይ ተነሳ፣ አጠገቡ ያሉትን አስነሳ። ባትሪው ውስጥ የነበሩት መከላከያዎች ሊያቆሙት አልቻሉም።

እስቲ አስቡት። በዓለም ከታወቁ ዘመናዊ አውሮፕላኖች በአንዱ ላይ ትልቅ እሳት ያስነሳው የተቆነጠጠ ሽቦና ቀድሞ የደከመ አንድ ድንጋይ ነው። እኔም ሸነን ላይ የሠራሁት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ያልተስተካከለ ድንጋይና መጥፎ ሽቦ።

የደከመው ድንጋይ ለምን አደገኛ ሆነ?

ሁለት በሬ ሲጠመድ ደካማው ጎበዙን ይይዘዋል፤ ጎበዙም ደካማውን እየጎተተ ይገድለዋል። በሲሪየስ የተያያዙ ድንጋዮችም ተመሳሳይ ናቸው። በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው። ደካማው ቀድሞ ያልቃል፤ ሌሎቹ ግን ገና ስላላለቁ ከረንቱን በእሱ ውስጥ በግድ ያሳልፉታል። ቮልቱ ከዜሮ አልፎ እስከ መገልበጥ ይደርሳል፤ ፖዘቲቩ ኔጋቲቭ ይሆናል ማለት ነው።

ስንሞላም ተመሳሳይ ችግር አለ። የባትሪው ጠቅላላ ቮልት 12.6 ካሳየ ሁሉም ደህና ነው ብለን እናስባለን። ነገር ግን 4.4 ሲደመር 4.3 ሲደመር 3.9 ያው 12.6 ነው። ድምሩ ትክክል፣ ሁለቱ ድንጋዮች ግን ከጣሪያው በላይ። ስለዚህ ድምሩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን መለካት ያስፈልጋል።

ይህን ሥራ በራሱ የሚሠራ ትንሽ ሰሌዳ አለ፤ ቢ.ኤም.ኤስ. ይሉታል። እያንዳንዱን ድንጋይ ይከታተላል፤ አንዱ 4.2ን ሲያልፍ መሙላቱን፣ አንዱ በጣም ሲወርድ አገልግሎቱን ያቋርጣል። ሾርት ሲፈጠርም ይዘጋል። በገበያ ስንገዛ ልዩነታቸውን የሚያስተካክል፣ "ባላንስ" የሚል ያለበትን እንምረጥ። ያለዚህ ሰሌዳ የሊቲየም ድንጋይ በሲሪየስ ማያያዝ የለብንም።

ደረጃ በደረጃ

ከጋሼ ጋር ሁለተኛውን ባትሪ ስንሠራ የተከተልነው እንዲህ ነው።

1. መምረጥ። የተሰረጎደ፣ የዛገ፣ ያበጠ፣ ላስቲኩ የተቀደደ፣ የሚያንጠባጥብ ድንጋይ አይሆንም። ቮልቱ ከ2 በታች የወረደም እንዲሁ፤ ቢሞላ እንኳ አይታመንም። የተለያየ ሞዴልና ዕድሜ ያላቸውን አንቀላቅል። የእኔ ስምንቱ ውስጥ ያለፉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሌሎች ፍለጋ እንደገና መሄድ ነበረብን።

2. ለየብቻ መሙላት። እያንዳንዱን በነጠላ የሊቲየም ቻርጀር እስከ 4.2 እንሞላለን። ሲሞላ ለእጅ የሚያቃጥል ከሆነ ይጣላል።

3. ማሳደር። ሙሉ ሆነው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቀመጣሉ። ከዚያ እንደገና ይለካሉ። ሌሎቹ 4.15 አካባቢ ሲሆኑ አንዱ ወደ 4 ከወረደ ውስጡ ያፈስሳል፤ ይውጣ። ትዕግሥት የሚፈልገው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

4. መመዘን። ሙሉውን ድንጋይ በታወቀ ጭነት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አይተን የሚቀራረቡትን እናጣምራለን።

5. ፓራለል መጀመሪያ። ሁለት ድንጋይ ከማገናኘታችን በፊት ልዩነታቸው ከ0.05 ቮልት በታች መሆኑን እናረጋግጥ። ከዚያ በኋላ ጥንዶቹን በሲሪየስ እናያይዛለን።

6. በሶልደር በቀጥታ አለመበየድ። የሶልደሩ ሙቀት ውስጡን ይጎዳል። ወይ በኒኬል ቁራጭ በልዩ መበየጃ ይያያዛል፣ ወይም ድንጋዮቹ የሚገቡበት ዝግጁ ማስቀመጫ እንጠቀም። እኛ የተጠቀምነው ማስቀመጫውን ነው። ገመዱም ወፍራም ይሁን፤ የስልክ ቻርጀር ገመድ ምን እንደሆነ አይታችኋል።

7. ሰሌዳውን በቅደም ተከተል ማገናኘት። ቀጫጭኖቹን ገመዶች ከመሰካታችን በፊት ከኔጋቲቩ ጀምረን እንለካ፤ 3.7፣ 7.4፣ 11.1 እያለ መውጣት አለበት። ከዘለለ ወይም ከተገለበጠ አንሰካም።

8. ፊውዝ። ከፖዘቲቩ አጠገብ፣ ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት ይግባ። የኛ አምፕሊፋየር በአማካይ 1.5 አምፔር ስለሚበላ 5 አምፔር ፊውዝ አደረግን።

9. ሽቦ እንዳይቆነጠጥ። ክዳን ሲዘጋ ከሥሩ ሽቦ እንዳይኖር ማየት። ይህን ከለንደኑ ታሪክ ነው የተማርነው።

10. ትክክለኛ ቻርጀር። ለሦስት ድንጋይ ሲሪየስ "12.6 ቮልት፣ ሊቲየም" የሚል ነው። ሰው ባለበት፣ በቀን፣ በሲሚንቶ ወይም በሸክላ ላይ ይሞላ። አልጋ ላይ፣ አልጋ ሥር፣ ሳር ላይ፣ መውጫ በር አጠገብ አይሞላ። በር አጠገብ ከተነሳ መውጫችን ይዘጋል።

ያገለገሉ ድንጋዮች እንደ አዲስ አይይዙም። የኛዎቹ እያንዳንዳቸው ወደ 1,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነበሩ። ሁለት በፓራለል 3,000። አምፕሊፋየሩ 1.5 አምፔር ሲበላ ሁለት ሰዓት ያህል ማለት ነው። ለእረፍት ሰዓት ዜና ከበቂ በላይ ነው።

ይህ ሁሉ ከበዛባችሁ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ባትሠሩት ይሻላል። ገንዘብ ሲገኝ ሰሌዳው ከውስጡ ያለበትን ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ዝግጁ ባትሪ መግዛት ይቻላል። የእሱ ድንጋይ 3.2 ቮልት ነው፤ አራቱ 12.8 ይሆናሉ። በሙቀት ከሌላው ይልቅ የተረጋጋ ነው። ሁለቱን ዓይነት ግን በአንድ ባትሪ ውስጥ ማደባለቅ ፈጽሞ አይቻልም፤ ጣሪያቸው የተለያየ ነው፤ የእሱ 3.65 ነው።

የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም

ድንጋይ ፍለጋ ስንዞር አንድ ሱቅ ውስጥ "9,900 ሚሊ አምፔር" የሚል 18650 አየሁ። ደስ አለኝ፤ ከኛዎቹ ስድስት እጥፍ! ጋሼ ግን በእጃቸው መዘኑና ሳቁ። በዚህ መጠን የሚሠሩ ጥሩ የሚባሉ ድንጋዮች 3,500 አካባቢ ነው የሚይዙት። 9,900 የሚይዝ 18650 የለም። ወረቀት ላይ መጻፍ ግን ማንንም አያስከፍልም።

የመረጃ ምንጭ ማጣራት የሚለውን ትምህርት በክፍል ተምሬ ፈተናውንም አልፌዋለሁ። የገባኝ ግን እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው። መለያው የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፤ ምንጭ ስለ ራሱ ሲናገር እንደምንጠነቀቀው ማለት ነው። ቴስተሩ ሁለተኛው ምንጭ ነው። ሰማያዊ ስለሆኑ አንድ ናቸው ያልኩትም ልክ ዜናን በርዕሱ ማመን ነበር።

ቢቃጠልስ?

ድንጋይ ከመነሳቱ በፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት ያሳያል። ያብጣል፣ ያፏጫል፣ ያልተለመደ ጣፋጭ ሽታ ይሸታል፣ ይጨሳል። ያን ጊዜ መጀመሪያ ሰውን ማስወጣት ነው፤ ጭሱ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባል መርዝ ስላለበት አይተነፈስም። ሶኬት ላይ ከሆነ ከቆጣሪው ማጥፋት። ገና ሳይጨስ ከደረስንበት ወደ ደጅ፣ ከቤትና ከሳር ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ። ትንሽ ከሆነና መብራቱ ከተቋረጠ ብዙ ውኃ ማፍሰስ ድንጋዮቹን ያበርዳል፤ የጠፋ መስሎ እንደገና ሊነሳ ስለሚችል ቶሎ አንመለስ። እየነደደ ያለን ባትሪ በእጅ ይዞ ለመሮጥ መሞከር አይገባም።

የተጣለ ድንጋይም አደጋ ነው። ሁለቱን ጫፍ በናስትሮ እንሸፍን፣ ከሌላው ቆሻሻ ለይተን እናስቀምጥ። እሳት ውስጥ መጣልማ ፈንጂ እንደ መጣል ነው። ሕፃናት ከጥራጊ ላይ አንስተው እንዳይጫወቱበትም እንጠንቀቅ።

ማጠቃለያ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች እየበዙ ነው። የፀሐይ መብራቱም፣ ፓወር ባንኩም፣ ስልኩም ያው ሊቲየም ነው። ነገ የተጣለው ድንጋይ በየከተማችን፣ በአምቦም በጉደርም በሸነንም፣ በብዛት ይገኛል። የሚያነሱት ደግሞ እንደኔ ቪዲዮ ያዩ፣ ቴስተር የሌላቸው ልጆች ናቸው። አትንኩ ማለት አይበቃም፤ ይነካሉና። እንዴት እንደሚለካ ማሳየት ይሻላል። ለእያንዳንዱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ አንድ ቴስተር ቢኖረው የሚል ሐሳብ አለኝ፤ ዋጋው ከአንድ ማይክራፎን አይበልጥም።

ባትሪያችን አሁን በብረት ሣጥን ውስጥ ነው። ክዳኑ ላይ ወንድሜ በማርከር "ሳይለካ አይሰካም" ብሎ ጽፎበታል። ልጆቹ መብራት በሄደ ዕለት ዜናቸውን ያነባሉ። እኔም ጣቴ ላይ ትንሽ ምልክት ቀርቶልኛል።